«ግልጽ ነው» የተባለ ሁሉ ገብቷልን? ስለ አንድ ዲጂታል የሥነ ምግብ መጽሐፍ የአስተያየት መጠይቅ

1. መነሻ

በስልክና በኮምፒዩተር የሚነበቡ የሥነ ምግብ መጻሕፍት በአማርኛ መዘጋጀት ከጀመሩ ወዲህ አዘጋጆቹ ከመጽሐፉ ጋር አንድ መጠይቅ አያይዘው ማውጣት ልማድ ሆኗል። መጠይቁ አንባቢው ስለ ፊደሉ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ አቀራረቡና ስለ አጠቃቀሙ የተሰማውን እንዲገልጽ የታሰበ ነው። ልማዱ የሚመሰገን ነው። በወረቀት የታተመ መጽሐፍ አንዴ ከማተሚያ ቤት ከወጣ ስሕተቱን ይዞ ይኖራል፤ ዲጂታሉ መጽሐፍ ግን በየጊዜው ሊታረም ይችላል። ይሁን እንጂ እርማቱን የሚመራው የአንባብያን መልስ፣ መልሱንም የሚያመጣው ጥያቄው በመሆኑ፣ ጥያቄው በምን ዓይነት አማርኛ ተጻፈ የሚለው ነገር ከሥነ ምግብ ባለሙያው አልፎ የቋንቋ ባለሙያውና የተርጓሚው ጉዳይ ይሆናል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ለእናቶችና ለጤና ሠራተኞች ታስቦ የተዘጋጀ፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ቤተሰብ አመጋገብ የሚያስተምር አንድ ዲጂታል መጽሐፍና አብሮት የተሠራጨው መጠይቅ ነው። የአዘጋጁን ድርጅት ስም አንጠቅስም፤ የምንነቅፈው ጉድለት የአንድ ድርጅት ሳይሆን፣ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የሚመለሱ መጠይቆች ብዙዎቹ የሚጋሩት ነውና። መጠይቁን ከመጽሐፉ ጎን ለጎን አስቀምጠን አንብበናል፤ ጥቂቶቹንም ጥያቄዎች ከምናውቃቸው አንባብያን ጋር ተቀምጠን ሞክረናል። ሥራችን የቃላት ምርመራ እንጂ የሕዝብ ጥናት አይደለም። የደረስንበትም ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንባቢው «ግልጽ ነው» ብሎ ስለ መለሰ ብቻ ቃሉ ገብቶታል ማለት አይቻልም፤ በሥነ ምግብ ረገድ ደግሞ ግልጽ መስሎ የተሳሳተ ቃል፣ ጭራሽ ካልገባ ቃል የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

2. ስለ ሦስት ስያሜዎች

መጠይቁ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው «ግብረ መልስ ይስጡ» የሚል አዝራር ነው። ጽንሰ ሐሳቡ የመጣው ከምሕንድስና ነው። ከአንድ መሣሪያ የሚወጣው ውጤት ከፊሉ ወደ መሣሪያው ተመልሶ ቀጣዩን ሥራ የሚያርምበትን ሂደት ያመለክታል። «ግብረ መልስ» ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ እንደ ሙያ ቃል የሚነቀፍ አይደለም፤ አጭር ነው፣ በግእዙ «ግብር» ሥራ ወይም ድርጊት ማለት ስለሆነም አካላቱ ሲተነተኑ ትርጉም ይሰጣሉ። በአዝራር ላይ ሲጻፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ግእዝ ለማያውቅ አንባቢ «ግብር» በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ለመንግሥት የሚከፈለውን ገንዘብ ነው፤ የአባቶችን ወግ ለሰማ ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ግብር፣ ማለትም ግብዣውን ነው። ስለ ምግብ በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም ትዝታዎች ከቦታቸው ውጪ ናቸው። እንግዲህ ቃሉ ለባለሙያዎች መነጋገሪያ ይቆይ እንጂ፣ አንባቢን ወደ መልስ የሚጠራ በር መሆኑ ተገቢ አይደለም።

በአንዳንድ ገጾች በምትኩ «አስተያየት» ተብሏል። ይህኛው የታወቀ ቃል ነው፤ ችግሩም ከመታወቁ የሚመጣ ነው። «አየ» ከሚለው ግሥ የተገኘ እንደ መሆኑ የሚጠይቀው እይታን፣ ይኸውም ፍርድን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን የለመደ ሰው አስተያየት ስጥ ሲባል ማመስገን ወይም መክሰስ እንዳለበት ይገነዘባል። አዘጋጁ የሚፈልገው ግን ፍርድን አይደለም፤ አንባቢው የት ገጽ ላይ እንደ ቆመ፣ የትኛውን ቃል ደግሞ እንዳነበበ፣ ምን ፈልጎ እንዳጣ ነው። ይህ ከፍርድ ይልቅ የምስክርነት ቃል ነው። በአዝራሩ ላይ «ያልገባዎትን ይንገሩን» ቢባል የሚፈለገው ነገር ያለ ትርፍ ማብራሪያ ይገለጻል።

ሁለተኛው ስያሜ «ተጠቃሚ» ነው። መጠይቁ ከመግቢያው ጀምሮ አንባቢውን «ተጠቃሚ» እያለ ይጠራዋል፤ አንዱም ጥያቄ «የዚህ አገልግሎት ተጠቃሚ ከሆኑ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ይላል። በአማርኛ «ተጠቃሚ» ሁለት ፍቺዎችን አጣምሮ ይዟል። አንዱ በአንድ ዕቃ የሚገለገል ሰው ነው፤ ሌላው ጥቅም የሚደርሰው፣ ርዳታ የሚሰጠው ሰው ነው። የምግብ ነገር ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 ከተጀመረ ወዲህ «የሴፍቲኔት ተጠቃሚ» የሚለው አባባል በገጠር የዕለት ተዕለት ቃል ሆኗል። በዚህ ዓይነት አካባቢ የምትኖር እናት ስለ ምግብ የሚያወራ መጽሐፍ «ተጠቃሚ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቃት፣ መልሷ ከስም መዝገብ ጋር የተያያዘ ሊመስላት ይችላል። ከዚያ በኋላ የምትሰጠው መልስ ስለ መጽሐፉ መሆኑ ይቀራል፤ ከመዝገቡ እንዳትሰረዝ ወይም በመዝገቡ እንድትገባ የሚረዳ መልስ ይሆናል። በአንዲት ቃል ምርጫ መጠይቁ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። ለመጽሐፍ «አንባቢ» የሚል ጥንታዊና የማያሻማ ቃል እያለ «ተጠቃሚ»ን መምረጥ የእንግሊዝኛውን ጥላ መከተል ነው። ማንበብ ለማይችሉት በድምፅ የሚቀርበውን ክፍል በተመለከተም «አድማጭ» ማለት ይበቃል።

ሦስተኛው «ንድፍ» ነው። «የመጽሐፉ ንድፍ ማራኪ ነው?» ተብሎ ተጠይቋል። «ንድፍ» ለብዙው ሰው የቤት ፕላን ወይም ገና ያልተጠናቀቀ ረቂቅ ነው፤ ውሰቱ «ዲዛይን» ደግሞ ከሁሉ በፊት የልብስ ነገር ነው። ጥያቄው ሲነበብላቸው ሁለት አንባብያን በሽፋኑ ላይ ስላለው ሥዕል መለሱ፤ አንደኛው ግን «መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲል ጠየቀን፤ «ንድፍ» ሲባል መጽሐፉ ገና ረቂቅ መስሎት ነበርና። ስሕተቱ የስያሜው ብቻ አይደለም። አንድ ጥያቄ ስለ ፊደል መጠን፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ሥዕሎች ቦታና ስለ ምዕራፎች ቅደም ተከተል ባንድ ላይ ሊጠይቅ አይችልም። እያንዳንዱ በራሱ ስም ቢጠየቅ «ንድፍ» የሚለው ጥቅል ቃል አያስፈልግም ነበር።

3. ስለ እስማማለሁና አልስማማም

የመጠይቁ ሁለተኛ ክፍል ከታወቀ ምንጭ የተቀዳ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 የመሣሪያዎችን አጠቃቀም ቀላልነት ለመመዘን ዐሥር ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መለኪያ አዘጋጅቶ ነበር። መልሱ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይሰጣል። ጎዶሎ ቁጥር የያዙት ዓረፍተ ነገሮች መሣሪያውን የሚያወድሱ፣ ሙሉ ቁጥር የያዙት የሚነቅፉ ናቸው። ከጎዶሎዎቹ መልስ 1 ይቀነሳል፤ የሙሉዎቹ መልስ ከ5 ይቀነሳል፤ ድምሩ በ2.5 ተባዝቶ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ነጥብ ይገኛል።

ይህ መለኪያ በራሱ በእንግሊዝኛው እንኳ የቃል ችግር ገጥሞታል። ስምንተኛው ዓረፍተ ነገር «አስቸጋሪና ጎታታ» ለማለት የተጠቀመበትን ቃል፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በደንብ እንዳልተረዱት ፊንስታድ የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ቃሉን በቀለለ ቃል ተክተውታል። ከዚህ የምንማረው፣ ለሃያ ዓመታት ያህል ሲሠራበት በቆየ መለኪያ ውስጥ አንድ ቃል ሳይገባ ሊኖርና መልሱም እንደ ትክክለኛ ሲቆጠር ሊቆይ እንደሚችል ነው። ያልገባው ሰው ባዶ አይተውም፤ አንዱን ቁጥር ያከብባል።

የአማርኛው ተርጓሚ ከዚህ ትምህርት አልወሰደም። በመጀመሪያ ደረጃ በየዓረፍተ ነገሩ የሚመላለሰውን ስም «ሥርዓት» ብሎታል። በአማርኛ «ሥርዓት» የጸሎት፣ የጋብቻ ወይም የቀብር ደንብ ነው፤ ከዚያም አልፎ የመንግሥት አገዛዝ ነው። ስለዚህ «ሥርዓቱ እርስ በርሱ የማይጣጣም ነገር በዝቶበታል» ለሚል ዓረፍተ ነገር «በጣም እስማማለሁ» ብሎ በጽሑፍ የሚያረጋግጥ ሰው ከየት ይገኛል? አንባቢው በልቡ ምንም ቢያስብ፣ እጁ ወደ «አልስማማም» መሄዱ አይቀርም። መለኪያውን በሚጠቀሙበት ዘንድ በዚህ ስም ፈንታ የሚመዘነውን ነገር ስም ማስገባት የተለመደ ነው፤ «መጽሐፉ» ማለት በቂ ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ነቃፊዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ተርጓሚው በአሉታ ግሥ አስቀምጧቸዋል። «መጽሐፉ ለአጠቃቀም የሚመች አይደለም» የሚለውን ያነበበና መጽሐፉ የተመቸው ሰው «አልስማማም» ማለት አለበት፤ ይኸውም አሉታን በአሉታ ማፍረስ ነው። በአማርኛ ንግግር ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ከቀድሞም የሚያሻማ ነው። «አይመችም?» ሲባል አንዱ «አዎ» ብሎ «አዎ፣ አይመችም» ማለቱ ነው፤ ሌላው ያንኑ ሐሳብ «አይ» ብሎ ይገልጸዋል። መጠይቁ በጤና ሠራተኛ አንደበት ሲነበብ ይህ አሻሚነት የባሰ ይሆናል። ነቀፌታን በአዎንታ ግሥ መግለጽ ግን አያዳግትም። «መጽሐፉ ያስቸግራል»፣ «መጽሐፉ ያደናግራል» ቢባል ቋንቋው አይጎረብጥም፤ መልሱም አያሻማም።

በሦስተኛ ደረጃ የመካከለኛው ደረጃ ስያሜ ወጥነት የለውም። 3 ቁጥር በአንድ ገጽ «ገለልተኛ»፣ በሌላው «እርግጠኛ አይደለሁም»፣ በሦስተኛው «መካከለኛ» ተብሏል። ገለልተኛ ወገን ያልያዘ፣ እርግጠኛ ያልሆነ የማያውቅ፣ መካከለኛ ደግሞ በልኩ የተስማማ ነው። ሦስቱን በአንድ ቁጥር ደምሮ ማካፈል በቅሎን፣ ፈረስንና አህያን ቆጥሮ አማካይ እንስሳ እንደ መፈለግ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ በቃላት ምርጫ ብቻ የሚወገድ አይደለም። ሰው ደክሞ ያዘጋጀውን ነገር ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር በሆነበት ማኅበረሰብ «ጥሩ ነው» ማለት ለእንግዳ ውኃ እንደ ማቅረብ ያለ ወግ ነው። «ምንም አይልም» የሚለውም መልስ እንደ ድምፁ አወጣጥ ውዳሴም ቅሬታም ሊሆን ይችላል፤ በወረቀት ላይ ግን ድምፁ የለም። በመለኪያው ስሌት መሠረት ለዐሥሩም ዓረፍተ ነገሮች በትሕትና «እስማማለሁ» ብሎ የመለሰ ሰው የሚያስገኘው ነጥብ 50 ነው፤ ዐሥሩንም «አልስማማም» ያለው ሰውም የሚያስገኘው 50 ነው። እንግዲህ አዘጋጁ ነጥቡን ብቻ አይቶ «መጽሐፋችን መካከለኛ ነው» ቢል፣ የመዘነው መጽሐፉን ሳይሆን የአንባብያኑን ጨዋነት ሊሆን ይችላል።

4. ስለ ስኒና ኩባያ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በሕፃናት አመጋገብ ምዕራፍ የቀረበው ምክር ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶች ካወጡት መመሪያ የተወሰደ ነው። በመመሪያው መሠረት ሕፃን 6 ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ከ6 እስከ 8 ወር ድረስ በአንድ ገበታ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ግማሽ እስኪደርስ ይጨመራል፤ ከ9 እስከ 11 ወር የዚሁ ኩባያ ግማሽ፣ ከ12 እስከ 23 ወር ሦስት አራተኛው ወይም ሙሉው ይሰጣል። ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር መሆኑ የምክሩ ምሰሶ ነው።

ተርጓሚው «ግማሽ ስኒ» ብሎ ጻፈ። የሚሊ ሊትሩ ቁጥርም ገጹን ለማሳጠር ሳይሆን አይቀርም ተተወ። የቡና ስኒ ከ100 ሚሊ ሊትር እምብዛም አይበልጥም፤ ብዙውም ከዚያ ያንሳል። 125 ሚሊ ሊትር ሊሰጠው የሚገባ ሕፃን በ80 ሚሊ ሊትር ስኒ ግማሽ ሲለካለት የሚደርሰው 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከድርሻው ሢሶ እንኳ አይሞላም። ይህ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ሲደጋገም ጉድለቱ የቋንቋ መሆኑ ቀርቶ የዕድገት ይሆናል።

ታዲያ መጠይቁ ይህን ጉድለት ይዞታልን? አልያዘውም። ሊይዘውም አይችልም። ጥያቄው «የምግቡ መጠን በግልጽ ተቀምጧል?» የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ከአንዲት የስምንት ወር ሕፃን እናት ጋር ሞክረነዋል። ገጹን አነበበች፤ «አዎ፣ ግልጽ ነው» አለች። ውሸት አልተናገረችም፤ በእርግጥም «ግማሽ ስኒ» ግልጽ አማርኛ ነው። ከዚያ «እስቲ በቤትዎ ባለው ዕቃ ለክተው ያሳዩን» ስንላት፣ ከረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ አንሥታ ውኃ ግማሽ ድረስ ሞላችና «ይኼ አይበቃትም እኮ፣ እኔ ከዚህ የበለጠ ነው የማበላት፤ መጽሐፉ ግን ያውቃል» አለችን። «መጽሐፉ ግን ያውቃል» ከሚለው ቃሏ የበለጠ ለተርጓሚ የሚከብድ ወቀሳ አናውቅም። ትክክለኛ የነበረ ልማዷን በስሕተታችን ልትለውጥ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው ስለ ቃሉ ነው። «ኩባያ» ከ«ስኒ» ይሻላል፤ ሆኖም ብቻውን አይበቃም፤ የቆርቆሮው፣ የሸክላውና የፕላስቲኩ ኩባያ መጠናቸው ይለያያልና። አሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ አንባብያን ደግሞ «ካፕ» ሲሉ የሚያስቡት 237 ሚሊ ሊትር ገደማ የሆነውን የወጥ ቤት መስፈሪያ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ኩባያው አንዴ በሚሊ ሊትር ተወስኖ፣ በሾርባ ማንኪያ ቁጥርም ተገልጾ ከዚያ በኋላ በአንድ ስም ብቻ ሊጠራ ይገባዋል። የሾርባ ማንኪያ 15፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር መሆናቸውም መነገር አለበት። «ማንኪያ» ብሎ ማለፍ በሦስት እጥፍ መሳሳትን መፍቀድ ነው።

ሁለተኛው ስለ አጠያየቁ ነው። አንባቢው ገባኝ ማለቱ ሳይሆን ያደረገው ነገር ይመስክር። በኮምፒዩተር ሙያ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማሰብ የሚባለውን ዘዴ ክሌይተን ልዊስ እ.ኤ.አ. በ1982 አስተዋውቆታል። ሰውየው መሣሪያውን እየተጠቀመ በልቡ የሚመላለሰውን ይናገራል፤ ጠያቂው ዝም ብሎ ይመዘግባል። ለዚህ መጽሐፍ የሚስማማው ይህ ነው። «ገጹን ፈልገው ያግኙ፤ እያነበቡ የሚያስቡትን ይንገሩን፤ ከዚያም ለክተው ያሳዩን» ማለት ከሃያ «እስማማለሁ» የበለጠ እውነት ያወጣል። ይሉኝታም እዚህ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል፤ እናቲቱ መጽሐፉን እንድትነቅፍ ሳይሆን ውኃ እንድትለካ ነው የተጠየቀችው።

5. ስለ ሥዕልና ስለ ሰሃን

መጠይቁ ስለ ሥዕሎች «ሥዕሎቹ ይማርካሉ?» ብሎ አልፏል። ሥዕል ግን ከመማረኩ በፊት መነበብ አለበት። በዚህ ረገድ በአገራችን የተደረገ አንድ የቆየ ሥራ መታወስ ይገባዋል። ዴሬጎውስኪና ሁለቱ ሙልድሮዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩ የመኤን ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አቅርበው ነበር። ወረቀት ለማያውቁ ሰዎች ወረቀቱ ራሱ እንግዳ ነገር በመሆኑ፣ ሲሰጣቸው ያሸቱትና ጨምቀው ድምፁን ያዳምጡ ነበር፤ ሥዕሉን ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሥዕሉ በሸማ በመሰለ ሻካራ ጨርቅ ላይ ታትሞ ቀረበ፤ ተመልካቾቹም ጥቂት ደክመው እንስሳቱን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1976 በኔፓል በተደረገ ሌላ ሥራም የገጠር ሰዎች ሥዕልን እንደ ምክር ማስተላለፊያ አድርገው መጠበቅ ራሱ የሚለመድ ነገር መሆኑ ተገልጿል።

የዛሬ አንባቢ ስልክ አያሸትም። ነገር ግን የማጉያ መነጽር ምልክት «ፈልግ»፣ ሦስት መስመሮች «ዝርዝር» ማለት መሆናቸውን ማንም ሲወለድ አያውቀውም። ምልክት ቃል ነው፤ ፍቺው መማር አለበት። ስለሆነም ከምልክቱ ሥር «ፈልግ»፣ «ማውጫ»፣ «ተመለስ» ተብሎ ቢጻፍ ቦታ ማባከን አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው ግን የሰሃኑ ሥዕል ነው። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 የቀድሞውን የምግብ ፒራሚድ ትቶ በአራት የተከፈለ የሰሃን ሥዕል አወጣ፤ ብዙ አገሮችም ተመሳሳይ ሥዕል ይጠቀማሉ። መጽሐፋችን ይህንኑ ወስዶ «የእርስዎ ሰሃን» ብሎታል። በአንድ ትሪ ዙሪያ ለሚበላ ቤተሰብ «የእርስዎ» የሚባል ሰሃን የለም። እንጀራው የጋራ፣ ወጡ የጋራ ነው፤ ሕፃኑም ከእናቱ እጅ ይጎርሳል። የሰሃኑ ሩብ ጥራጥሬ ይሁን ሲባል የማን ሩብ እንደ ሆነ አይታወቅም። «ሥዕሉ ይማርካል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ቢባልም፣ ምክሩ ወደ ማዕዱ አልደረሰም። ትክክለኛው ጥያቄ «ትናንት ማታ የበላችሁትን በዚህ ሥዕል ላይ አሳዩን» የሚል ነው፤ ለማሳየት አለመቻላቸው ራሱ መልስ ነው።

6. ሳይጠየቁ የሚሰጡ መልሶች

ዲጂታሉ መጽሐፍ ከወረቀቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። አንባቢው በመፈለጊያው ሣጥን የጻፈው ቃል ሊቀመጥ ይችላል፤ ፈልጎ ያላገኘውም ቃል እንዲሁ። ይህ ያለ ይሉኝታ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ከዚህ የሚሻል የቃል ምንጭ በቀላሉ አይገኝም። መጠይቁ ይህን ጨርሶ አላሰበበትም።

ከአንባብያን ጋር ስንሞክር ያየነውን ለምሳሌ እንጥቀስ። «የጾም» ብላ የፈለገች ሴት ምንም አላገኘችም፤ መጽሐፉ ያንን ክፍል «ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆኑ ምግቦች» ብሎታልና። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓመት ከ180 የሚበልጡ የጾም ቀናት አሉ፤ ቃሉን ከማውጫው መተው አንባቢን በዓመቱ እኩሌታ ከደጅ መመለስ ነው። «የባሕር ማሽላ» ብሎ የፈለገም አላገኘም፤ መጽሐፉ «በቆሎ» ብቻ ያውቃል። «ጎመን» የፈለገችው ደግሞ የተላከችው «ጥቁር አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች» ወደሚል ገጽ ነው። ይህ የእንግሊዝኛ አባባል ቃል በቃል ሲመለስ የተወለደ፣ ጥቁርም አረንጓዴም ያልሆነ ቅጠል ነው፤ «እንደ ጎመንና ቆስጣ ያሉ ጠቆር ያሉ ቅጠሎች» ቢባል ምን ጎደለው? «ብረት» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «በብረት የበለጸገ» ሲባል ለሰሚው የሚታየው ማረሻ ነው። «ደም ለመሥራት የሚረዳ ብረት የተባለ ንጥረ ነገር» ብሎ አንዴ መግለጽና ከዚያ በኋላ በስሙ መጥራት ይቻላል።

የምግብ ስያሜ በራሱ አስተማሪ ሊሆን እንደሚችል የቀድሞ ባለሙያዎች አሳይተውናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የተዘጋጀው ድጎማ ምግብ «ፋፋ» ተባለ። የሕፃን ማደግና መወፈር በአንድ ግሥ ተነገረ፤ ማንም መዝገበ ቃላት አልገለጠለትም፤ መጠይቅም አላስፈለገውም። የዚያው ዘመን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ለኢትዮጵያ ምግቦች የንጥረ ነገር ይዘት ሠንጠረዥ ሲያወጡም፣ የሚመዝኑት እህል በትክክል በየትኛው ስም እንደሚጠራ መለየት ነበረባቸው። መለካትና መሰየም ድሮም የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም።

7. ስለ መከራከሪያው

አዘጋጆቹ ሊያቀርቡ የሚችሉት መከራከሪያ ግልጽ ነው። እኛ የምናቀርበው ዘዴ ጊዜ ይፈጃል፤ በመጠይቅ ግን ብዙ ሰው ባጭር ቀን ይደረሳል። ይህ እውነት ነው። መጠይቁም መልካም ጎኖች አሉት፤ አጭር ነው፣ በድምፅ ይነበባል፣ በመጨረሻውም አንባቢ እንደ ፈቀደው የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ትቷል። ነገር ግን ኒልሰንና ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት፣ ብዙውን የአጠቃቀም ጉድለት ለማግኘት የጥቂት ሰዎች ሙከራ ይበቃል፤ በተለምዶ አምስት ይባላል። ሆኖም ይህን ቁጥር ወደ ቋንቋ ስናመጣ መጠንቀቅ ያሻል። አዝራር ለማግኘት አምስት ሰዎች ቢበቁም፣ የቃል ፍቺ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ አንባብያን ለየብቻ፣ የከተማውና የገጠሩም ለየብቻ መሞከር አለባቸው። ይህም ቢሆን ከአንድ ሺሕ ያልገባቸው መልሶች በወጪም በእውነትም ይቀልላል።

8. መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት ለአዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ. «ግብረ መልስ» ለባለሙያ መነጋገሪያ ይቆይ፤ ለአንባቢ «ያልገባዎትን ይንገሩን» ይባል። «ተጠቃሚ» በ«አንባቢ» ወይም በ«አድማጭ»፣ «ሥርዓት» በ«መጽሐፍ» ይተካ።

ለ. ነቀፌታን የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮች በአዎንታ ግሥ ይጻፉ፤ የመካከለኛው ደረጃ ስያሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን።

ሐ. መጠንን የሚመለከት ነገር ሁሉ በ«ግልጽ ነው?» አይጠየቅ፤ አንባቢው በራሱ ዕቃ ለክቶ ያሳይ። ይህ ሳይደረግ የሕፃናት ምግብ መጠን የያዘ ገጽ አይሠራጭ።

መ. ተፈልገው ያልተገኙ ቃላት የፈላጊው ማንነት ሳይመዘገብ ይሰብሰቡ፤ በየጊዜውም ለስያሜና ለመዝገበ ቃላት ሥራ ይተላለፉ።

ከነዚህ ውስጥ በሐ የተቀመጠው ነገ የማይባል ነው። ሌሎቹ ጉድለቶች አንባቢን ያደናግራሉ፤ እሱ ግን ሕፃን ያስርባል። ያቺ እናት ስኒውን ይዛ የተናገረችውን ደግመን እናስታውስ። መጽሐፉ ያውቃል ብላ አምና ነበር። የእኛ ሙያ ያንን እምነት የሚሸከም ቃል መምረጥ ነው፤ ቃሉም እንደ ተሸከመው ለማወቅ እሷን «ገባዎት?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ እጇን ማየት ይበጃል።